ውሃው ስንት እርምጃ ላይ ነው?

ባለፈው ክረምት እማማ ሌሊት ለሽንት ስትነሳ ወደቀች። የዳሌዋ አጥንት ተሰበረና ከዚያ ወዲህ አልጋ ላይ ናት። እማማ የምላት አያቴን ነው። አሞራ ገደል ዓሣ እየሸጠች እናቴን ያስተማረች፣ እኔንም ያሳደገች እሷ ናት።

እናቴ 62 ዓመቷ ነው፤ ደም ግፊት አለባት። ቀጥረናት የነበረችው ልጅ በሁለተኛው ወር ሄደች። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ እናቴ እማማን ልታነሳ ስትል ወገቧን ይዟት፣ ሁለቱም አልጋው ጠርዝ ላይ ተደጋግፈው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ማታ አጎቴ ከአዲስ አበባ ደወለና ሁላችንም የፈራነውን ተናገረ።

«ለምን የአረጋውያን ማዕከል አናስገባትም?»

ማንም አልመለሰለትም።

እኛ አገር የአረጋውያን ማዕከል ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት መቄዶንያ ነው። ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የመሠረተው ይህ ድርጅት ጎዳና ላይ የወደቁ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ያነሳል። ጧሪ ቀባሪ የሌላቸውን ማለት ነው። ለእናቴ ታዲያ ልጆች እያሏት እማማን ማዕከል ማስገባት «ጣልኳት» ከማለት አይለይም። ተከፍሎ የሚገባበት ቤት መኖሩን ራሱ የሰማነው በዚያ ሰሞን ነው።

እኔ ሶፍትዌር ነው የምሠራው። ሲጨንቀኝ ኤክሴል እከፍታለሁ። አስር መመዘኛ አወጣሁ፣ እያንዳንዱ ከአምስት የሚታረም። ንጽህና፣ የክፍል ስፋት፣ የነርስ ብዛት፣ የምግብ ዝርዝር፣ ዋጋ፣ ወዘተ። ደውዬ ቀጠሮ ያዝኩና አንዱን ቤት ሄጄ አየሁት። ወለሉ ያበራል። አንሶላው ነጭ ነው። ኃላፊዋ እየዞሩ አስጎበኙኝ። ከ50፣ 43 ሰጠሁት።

በማግስቱ ከእናቴ ጋር አሞራ ገደል ዓሣ ልንገዛ ወረድን። እናቴ የዓሣ ሻጭ ልጅ ናት። ቆሮሶውን አነሳች፤ የቆዳውን ማብረቅረቅ ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። ከጭንቅላቱ ጎን ያለውን ክዳን ገልጣ ውስጡ ቀይ መሆን አለመሆኑን አየች፣ ሆዱን በጣቷ ጫን አደረገችና መለሰችው።

«እናቴ፣ የዛሬ ጠዋት ነው እኮ!» አላት ልጁ።

«ውሃ የረጨህበትማ የዛሬ ጠዋት ነው» አለችው።

አባ ኮዳዎቹ ለተጣለው አንጀት ይጋፋሉ። እሷ ሌላ ዓሣ እያገላበጠች፣ ቀና ሳትል ጠየቀችኝ፦ «እዚያ ቤት ስትሄድ ደውለህ ነበር?»

«አዎ።»

ሌላ ምንም አልጨመረችም።

እሑድ ማታ ሳልደውል ተመልሼ ሄድኩ። ጥበቃው አወቀኝና አስገባኝ። ለአስራ አራት ሰው አንዲት ተንከባካቢ ብቻ ነበረች። ውሃ በየክፍሉ አለ፤ ግን ብርጭቆው በር አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ከአልጋው አራት እርምጃ ርቆ። አልጋ ላይ የዋለ ሰው አራት እርምጃ ከየት ያመጣል? ራሱን ማገላበጥ የማይችል ሰው የአልጋ ቁስል እንዳያወጣ በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጣል የሚለውን አንብቤ ስለነበር ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ቅጽ አየሁ። እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ድረስ ተፈርሞበታል። እኔ ያየሁት ደግሞ ማታ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በእኛ ሥራ ይሄ ማለት ሳይሮጥ «አለፈ» የሚል ቴስት ነው።

ልጅቷ ቅጹን ሳይ አየችኝ። «የምችለውን አገላብጣለሁ። ሁሉንም ግን ለብቻዬ አልችልም» አለችኝ። አልዋሸችኝም። ወዲያው አንድ ሽማግሌ ሲጣሩ «መጣሁ አባባ፣ ጋቢዎን ነው አይደል?» እያለች ሮጠች። እሷን የማስገባበት ረድፍ ኤክሴሌ ውስጥ አልነበረም።

ቤት ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። አቬዲስ ዶናቤዲያን የሚባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1966 የሕክምና ጥራት በሦስት በኩል እንደሚታይ ጽፏል፦ ያለው ነገር (ሕንፃው፣ ዕቃው፣ የሰው ኃይሉ)፣ የሚደረገው ነገር፣ እና በሰውየው ላይ የታየው ውጤት። ከአስሩ መመዘኛዎቼ ስምንቱ የመጀመሪያው ላይ የቆሙ ናቸው። አሜሪካኖች እንኳ ተሸውደውበታል። እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ ላይ የአረጋውያን ቤቶችን እስከ አምስት ኮከብ በመስጠት ማወዳደር ሲጀምሩ፣ የሠራተኛውን ብዛት የሚያሳውቁት ቤቶቹ ራሳቸው ነበሩ። ከደመወዝ መዝገብ በሚመጣ ቁጥር የተተካው በ2018 ነው። ተፈታኙ ራሱ ያረመው ፈተና በሉት።

መመዘኛዎቼን ሰርዤ አምስት ጥያቄ ጻፍኩ። ውሃው ስንት እርምጃ ላይ ነው? ማታ ስንት ሰው ይኖራል? ተረከዟና ከወገቧ በታች ያለው ቆዳ ምን ይመስላል? ሲጣሩ በስንት ደቂቃ ይመጣላቸዋል? እሷን ማን ጠየቃት?

ከዚያ ቀና ስል እማማ ፊት ለፊቴ ተኝታለች። ውሃው መስኮቱ ላይ ነው።

ቀስ ብዬ ካልሲዋን አወለቅኩ። የግራ ተረከዟ ቀልቷል፤ በጣቴ ስጫነው መቅላቱ አልጠፋም። እኔ አጠገቧ ባለው ክፍል ሌሊቱን ኮድ ስጽፍ የማድር ሰው ነኝ። እናቴ ቀኑን ሙሉ ደክማ ሌሊት እንቅልፍ ይጥላታል። በእኛም ቤት የሌሊት ሠራተኛ አልነበረም፤ የእኛ ቤት ግን ቅጽ ስለሌለው ማንም አልያዘንም።

«እማማ፣ ውሃ ለምን አትጠይቂም?» አልኳት።

«ከጠጣሁ ሽንት ይመጣል። ሽንት ከመጣ እናትህን መቀስቀስ ነው። ወገቧን አታይም?»

ስንት ወር እንዲህ እንደቆየች አልጠየቅኳትም። መልሱን ፈራሁት።

ለማዕከሉ ልንከፍል ያሰብነውን ገንዘብ አጎቴም ጨምሮበት፣ ለቀን የምትመጣ ልምድ ያላት ረዳት ቀጠርን። ሌሊቱ የእኔ ሆነ። ላፕቶፔን እሷ ክፍል አስገባሁ፤ ስልኬ በየሁለት ሰዓቱ ይጮሃል። ይሄ መፍትሔ ነው አልልም። ሥራ ብቀይር፣ እናቴ ራሷ ብትወድቅ፣ ጥያቄው ተመልሶ ይመጣል። ያኔ ማዕከል ማስገባት ነውር ነው ብዬ አልከራከርም። አምስቱን ጥያቄ ይዤ፣ ሳልደውል፣ እሑድ ማታ እሄዳለሁ።

ባለፈው ሳምንት አምስተኛውን ጥያቄ ጠየቅኳት። «እማማ፣ ከአምስት ስንት ትሰጪናለሽ?»

አሰበች። «ለእናትህ ሙሉውን። ለአንተ ግን ገና ነው» አለችና እጇን ዘረጋች። «በል ብርጭቆውን ወዲህ አስጠጋልኝ።»