«የእግር እሳት» በጅቡቲ ከተማ

በቋንቋችን ዕረፍት የነሣንን ነገር «የእግር እሳት ሆነብኝ» እንላለን። በታጁራ ባሕረ ሰላጤ መግቢያ ላይ በተቆረቆረችው በጅቡቲ ከተማ ይህ አባባል ምሳሌነቱ ቀርቶ እውነት ይሆናል። በሐምሌና በነሐሴ የቀኑ ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል፤ ፀሐይ የዋለበት አስፋልት ደግሞ ከአየሩ ብሶ እስከ 60 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። የሰው ቆዳ ከ43 እስከ 45 ዲግሪ ገደማ ሲሞቅ ሕመም ይሰማዋል። ስለዚህም ያን መንገድ በባዶ እግሩ የሚረግጥ ሰው ተረከዙን አንሥቶ፣ ርምጃውን አሳጥሮና አፍጥኖ ቢራመድ አያስደንቅም።

ከተማዋም ኑሮዋን ያደራጀችው ይህንኑ ዐውቃ ነው። ብዙዎች በምኒልክ ስም የሚያውቁት፣ ከ1977 (እ.ኤ.አ.) ነጻነት በኋላ ግን በነጻነቱ ዕለት የተሰየመው አደባባይ በነጫጭ ሕንፃዎች የተከበበ ነው። ከሥራቸው ባለው ባለቅስት መተላለፊያ እግረኛው በጥላ ከሱቅ ወደ ሱቅ ይሻገራል። ቀትር ሲሆን ሱቆች ይዘጋሉ፤ ጎዳናው ጭር ይላል። ሽርጥ የታጠቀው ነዋሪ ነጠላ ጫማውን ተጫምቶ ብቅ የሚለው ወደ ዐሥር ሰዓት ገደማ፣ ጥላው ሲረዝም ነው። ሰዓትን መምረጥ የጅቡቲ ብልሃት ብቻ አይደለም። የክብር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ በ1960 (እ.ኤ.አ.) በሮም በባዶ እግሩ ያሸነፈው ማራቶን፣ የቀኑን ሙቀት ለመሸሽ ሲባል ወደ ማታ ተጀምሮ በችቦ ብርሃን የተፈጸመ ነበር።

ውስጥ እግር ሸክም ተቀባይ ብቻ አይደለም። በቆዳው ውስጥ ንክኪን፣ ግፊትንና ንዝረትን የሚለዩ ጥቃቅን የነርቭ ጫፎች አሉ። ሸክማችን ወደ ተረከዝ ወይም ወደ አውራ ጣት ሲያዘነብል መልእክቱ በነርቭ ወደ አከርካሪና ወደ አንጎል ይደርሳል፤ ጡንቻም ሰውነትን ያቃናል። እግር ሲቀዘቅዝ ግን መልእክቱ ይዘገያል፤ ስሜቱም ይደበዝዛል። አንዱ የውስጥ እግር ክፍል በብርድ ሲደነዝዝ ሰው ሳያስበው ሸክሙን ስሜት ወዳለው ክፍል ያዛውራል፤ አረማመዱም ይለወጣል። ጤናማ ወጣት ጉድለቱን በዓይኑና ሚዛንን በሚጠብቀው በውስጠኛው ጆሮው ያካክሳል፤ በጨለማ ግን ዓይን ረዳት አይሆነውም። በደጋ ሌሊት ዘብ የቆመ ሁሉ ይህን ያውቃል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በምሽግ ውሃና ብርድ የብዙ ሺህ ወታደሮች እግር ደንዝዞ ስለ ቆሰለ፣ በእንግሊዝ ጦር ውስጥ የእግር ምርመራና የካልሲ ለውጥ የአዛዦች ኃላፊነት እስከ መሆን ደርሶ ነበር።

ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጅቡቲ ወደብ የሚወርድ የከባድ መኪና ሹፌር ብርዱንም ሙቀቱንም በአንድ ጉዞ ያገኛቸዋል። በሙቀት እግር ያብጣል፤ በላብ የራሰ ቆዳም በጫማ ውስጥ እየተፋተገ ውሃ ይቋጥራል። ስለዚህ ካልሲን መለወጥና እግርን ማናፈስ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ከሁሉ የሚያሳስበን ግን እሳቱ የማይሰማው ሰው ነው። የስኳር በሽታ የእግሩን ነርቭ የጎዳበት ሰው በጋለው አስፋልት ላይ ሲቃጠል ላይታወቀው ይችላል፤ ቁስሉን የሚያየው ማታ ነው። ሕመም የሰውነት ዘብ ነው፤ ዘቡ ሲተኛ ጉዳቱ ማንም ሳያየው ይገባል።

እንግዲህ ይህ ነገር ከጎዳናው ይልቅ ቤታችንን ይመለከታል። አረጋዊት እናታችን ሌሊት በቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ በባዶ እግራቸው ሲነሡ፣ የደነዘዘ ውስጥ እግርና ጨለማ ተባብረው ሊጥሏቸው ይችላሉ። የማያንሸራትት ጫማ ከአልጋቸው ሥር ይቀመጥላቸው፤ መብራትም አይራቃቸው። የስኳር ሕመም ያለበት ዘመድ በቤት ውስጥም ቢሆን ባዶ እግሩን አይሂድ፤ የሚታጠብበትን ውሃ ሙቀት በእግሩ ሳይሆን ቤተሰቡ በክርን ይለካለት። እግር ማጠብ በአገራችን የአክብሮት ምልክት ነውና፣ ዛሬ ማታ የወላጆቻችንን እግር ስናጥብ ውስጥ እግራቸውንና የጣቶቻቸውን መካከል በብርሃን እንመልከት። ቁስል ካገኘን ሳናሳድር ወደ ሐኪም እንውሰዳቸው።