የጊታር ብድር

የሙዚቃ ወዳጆች በተሰበሰቡበት ሁሉ «እነ እገሌ ከነ እገሌ ሰረቁ» የሚል ክስ አይጠፋም። እኔ ይህን ፍርድ ለመቀበል ይቸግረኛል፤ ምክንያቴም የቢትልስና የበርድስ ነገር ነው።

እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. ቢትልስ የተባሉት እንግሊዛውያን የተጫወቱበት ፊልም ሲታይ፣ ሮጀር ማክጊን የተባለ አሜሪካዊ ጆርጅ ሃሪሰን ባለ 12 ክር ሪከንባከር ጊታር ይዞ አየ። እንዲህ ያለውን ጊታር እርሱም ገዛ። ክሮቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተወጠሩ ስለሆኑ፣ ሲመቱት እንደ ደወል ያቃጭላል። ማክጊን ግን ቀድሞ ባንጆ ይጫወት ነበርና ክሩን በጣቶቹ አንድ በአንድ እየለቀመ ይመታው ጀመር። ጊታሩ የሃሪሰን ዓይነት፣ እጁ ግን የራሱ! በ1965 የማክጊን ጓድ በርድስ የቦብ ዲላንን ዘፈን በዚህ ድምፅ አውጥቶ በአሜሪካ አንደኛ ሆነ።

ለእኔ የሚጥመኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በዚያው ዓመት ሃሪሰን «ኢፍ አይ ኒድድ ሰምዋን»ን ሲደርስ፣ የጊታሩን አካሄድ ከበርድስ «ዘ ቤልስ ኦፍ ሪምኒ» ወሰደ፤ መውሰዱንም አልሸሸገም፣ ለራሳቸው ለበርድስ እንዲነገራቸው አደረገ። አበዳሪው ተበዳሪ ሆነ ማለት ነው። ሌባ ቢሆን ኖሮ ባለቤቱ ዘንድ መልእክተኛ ይልክ ነበርን?

በ1976 ደግሞ ቶም ፔቲና ጓዶቹ «አሜሪካን ገርል»ን አወጡ፤ የበርድስ ጥላ ያረፈበት ለመሆኑ የእኔ ያልሠለጠነ ጆሮ እንኳ ይመሰክራል። ማክጊን ክስ አላቀረበም፤ በ1977 ዘፈኑን ራሱ ዘፍኖ በሸክላ አስቀረጸው።