«ቻል አድርጋት»

የሰፈር ሜዳ ላይ ቁርጭምጭሚቱ ወለም ብሎት የወደቀ ልጅ መጀመሪያ የሚሰማው «ቻል አድርጋት» ነው፤ ቀጥሎ «ምንም አልሆንክም»። ከዚያ ይታሻል። «እስቲ አራት እርምጃ ሂድ» የሚለው አይገኝም። አራት እርምጃ ያቃተው፣ ወይም የቁርጭምጭሚቱን አጥንት ሲጫኑት የሚያመው ሰው ራጅ መነሣት አለበት። ሐኪሞች ስብራት የሚጠረጥሩት በዚህ ነው፤ ገንዘብም መሣሪያም አይጠይቅም።

*

ኃይሌ ገብረሥላሴ ሲድኒ ኦሎምፒክ ላይ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ሲቀድም የተረከዙ ጅማት ታሞ እንደነበር መተረክ እንወዳለን። ከድሉ በኋላ ጅማቱን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ለወራት ከውድድር መራቁን ግን እንዘለዋለን። ልጆቻችን የሚወርሱት ግማሹን ታሪክ ነው።

*

እ.ኤ.አ. በ1968 ሜክሲኮ ኦሎምፒክ ማራቶን ላይ አበበ ቢቂላ እግሩ ታሞ 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋረጠ። ወርቁን ማሞ ወልዴ ይዞት ገባ። ባለማቋረጡ የሚፎክር ሰው አበበን ፈሪ ይበለውና እንስማ።

*

ሕመሙን እንደ ሸክም በማስታገሻው በዲክሎፌናክ አራግፎ ወደ ሩጫ የሚወጣ ሰው በዝቷል። ክኒኑ ስሜቱን ያደበዝዛል እንጂ የተሰነጠቀ አጥንት አይገጥምም። ጨጓራ ያቆስላል፤ ላብ ያሟጠጠውን ሰው ደግሞ ኩላሊቱን ሊጎዳው ይችላል።

*

«ዕረፍት፣ በረዶ፣ ማሰር፣ ከፍ ማድረግ» የሚለውን ምክር እ.ኤ.አ. በ1978 ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ሐኪም ጌብ ሚርኪን ነው። ከዓመታት በኋላ በረዶና ፍጹም ዕረፍት መዳንን ሊያዘገዩ እንደሚችሉ የጻፈውም እሱው ነው። ምክሩ ዓለምን ዞሯል፤ እርማቱ ገና በመንገድ ላይ ነው።

*

ያለ ልክ የሚፈራም አለ። ስዊድናዊው ሐኪም ሃካን አልፍሬድሰን እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመው ጥናት፣ የተረከዝ ጅማታቸው ሥር በሰደደ ሕመም የተያዘ 15 ሰዎች በደረጃ ጠርዝ ላይ ቆመው ተረከዛቸውን ቀስ ብለው ዝቅ የሚያደርጉበትን ልምምድ እያመማቸውም ለ12 ሳምንት ሠሩ። ሁሉም ወደ ሩጫቸው ተመለሱ።

*

ጉዳቱ ከዳነ በኋላም ነርቭ ሌባው ከሄደ በኋላ እንደሚጮህ ውሻ ሊሆን ይችላል። ቀላል ንክኪ ያማል፤ የተጎዳ ነገር ግን የለም። መድኃኒቱ መተኛት ሳይሆን ጥቂት በጥቂት መንቀሳቀስ ነው።

*

ወጌሻ ጋ መሄድ ነውር አይደለም። ነውሩ ጣት ገርጥቶ፣ ቀዝቅዞና ደንዝዞ ሳለ ማሰሪያውን «እንዲጠገን ነው» ብሎ መተው ነው። ደም ያልደረሰው እግር ይቆረጣል። ማሰሪያው ወዲያው ይፈታ፤ ሰውየው ሆስፒታል ይግባ።

*

ለስፖርተኛ አንባቢዬ፦ ልምምድ ያመጣው ቀላል ሕመም በማግስቱ ጠዋት ወደ ነበረበት ከተመለሰ ይቀጥሉ። ካልተመለሰ ጫናውን ይቀንሱ። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስዎ ከሆነ ግን ችሎ ማደሩን ይተዉና ሐኪም ያማክሩ።