ከአያት ወንበር ጎን የሚገጠም መቀመጫ

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ ወንበር ነው። ወንበር ደግሞ ምን ወሬ ይወጣዋል ትሉ ይሆናል። ግን እናንተም እንደኔ ልጅ አሳድጋችሁ አሁን የልጅ ልጅ የምትጠብቁ ከሆነ ነገሩ ይመለከታችኋል። ጉልበት ሲደክም፣ ወገብ አልታዘዝ ሲል፣ ሕፃን ማዘል ሲያቅት አያት በቤቱ ውስጥ ምን ሥራ ይቀራታል? ወንበሩን የሠራነው ይኼን ጥያቄ ይዘን ነው።

እኛ ያደግነው በጀርባ ላይ ነው። በጎንደር ገጠር ወላድ ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን የአራስነቷን ጊዜ ፈጽማ ወደ ቤቷ ከተመለሰች በኋላ ልጁ ከጀርባዋ አይወርድም ነበር። አንቀልባውን ታስታውሳላችሁ፤ ታሽቶ የለሰለሰ ቆዳ፣ ዛጎል የተሰፋበት፣ ጠፍሩ ደረት ላይ የሚታሰር። እናት እህል ስትፈጭ፣ ውሃ ቀድታ ስትመለስ፣ ሸክላ ስትሠራ ልጁ አብሯት ይወዛወዛል። «አሁን ደግሞ ልጁን ላወዛውዘው» ብሎ ጊዜ የሚመድብ ሰው አልነበረም፤ ሥራው ራሱ ያወዛውዘዋል። ልጁም ድምጿን በጀርባዋ በኩል እየሰማ፣ ትንፋሿን እየለመደ ያድጋል።

ይኼ የኛ እናቶች ልማድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በጃፓን ሪከን የሚባል የምርምር ተቋም አለ። የዚያ ተመራማሪዎች በ2013 ባወጡት ጥናት፣ እናት ከ6 ወር በታች የሆነ ልጇን ታቅፋ ስትቀመጥና ታቅፋ ስትራመድ ያለውን ልዩነት ለኩ። ስትራመድ ልጁ ለቅሶውና መወራጨቱ ይቀንሳል፣ የልብ ምቱም ይረጋጋል። በ2022 ደግሞ አንድ ጠቃሚ ምክር ጨመሩ፦ የሚያለቅስ ሕፃን ለማስተኛት 5 ደቂቃ ያህል ታቅፎ መራመድ፣ ከተኛ በኋላም ወዲያው አልጋ ላይ ከማኖር ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ታቅፎ ቁጭ ማለት። ይኼን ሳነብ ሥራውን ለሁለት መክፈል እንደሚቻል ታየኝ። መራመዱን ጉልበት ያላቸው ወላጆች ይውሰዱት፤ ታቅፎ መቀመጡን ለአያት ይተዉላት።

እናቴ ሰባት ልጆች አዝላ አሳድጋለች። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጉልበቷን ታክማ ሐኪሙ ከእንግዲህ ልጅ ማዘል አይቻልም አላት። በዚያው ሰሞን ልጄ የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። እሷና ባሏ በፈረቃ ስለሚሠሩ፣ በማዖንም ገና ቦታ ስላልተገኘ፣ ሕፃኗ የምትውለው እኛ ቤት ሆነ። ልጄ ለአያቷ አዝና በኤሌክትሪክ የሚወዛወዝ የሕፃን መቀመጫ ገዝታ መጣች። ቁልፉን ስትጫኑት ይወዛወዛል፣ ሙዚቃም ያሰማል። እናቴ ለጥቂት ቀናት ዝም ብላ ስታየው ቆይታ አንድ ማታ፣ «ልጄ፣ ይኼ ማሽን ልጅቱን ካባበላት እኔ እዚህ ቤት ምን እሠራለሁ?» አለችኝ።

ምን ልመልስላት? ማሽኑ መጥፎ አልነበረም። ልጄም ያመጣችው በፍቅር ነው። ግን የእናቴ ጥያቄ እውነት ነበረው። ማሽኑ ሲበራ ሁላችንም ከሕፃኗ ራቅ እንል ነበር፤ አንዱ ወደ ወጥ ቤት፣ አንዱ ወደ ስልኩ። ልጅቱ ትወዛወዛለች፣ የሚያናግራት ግን የለም። ደግሞ ሰንበት ሲገባ ማሽኑ ይቆማል። አባቴ ቄስ ነበሩ፤ ባሳደጉን ቤት በሰንበት እሳት አይነካም፤ እኛም ዛሬ በሰንበት የኤሌክትሪክ ቁልፍ አንነካም። ስለዚህ ቤተሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ በሚውልበት ቀን የልጅቱ መቀመጫ ሥራ ያቆማል። በእግር የሚገፋ ወንበር ግን በሰንበትም ይሠራል።

እናቴ በሚርፔሴት የምታስቀምጠው ተወዛዋዥ ወንበር አላት፤ እዚህ ኪሴ ናድኔዳ የምንለውን ማለቴ ነው። ጠዋት ጠዋት እዚያ ቁጭ ብላ በእግሯ እየገፋች ጸሎቷን ታደርሳለች። ታዲያ ሐሳቡ የመጣው ከዚያ ነው፦ የልጅቱ መቀመጫ ለብቻው ከሚወዛወዝ ለምን ከአያቷ ወንበር ጋር አይገጠምም? አያት ስትወዛወዝ ልጅም ትወዛወዛለች፤ አያት ስታቆም ልጅም ትቆማለች። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ተወዛዋዥ አግዳሚ ወንበር ይሠራ ነበር፤ በአንዱ በኩል እናት ትቀመጣለች፣ በሌላው በኩል የሚነቀል አጥር ይገጠምና ሕፃኑ ይተኛል። እሷ በእግሯ እየገፋች በእጇ ልብስ ትሰፋለች።

እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ናጋሪያ፣ ማለትም የእንጨት ሥራ ክፍል አለ። ሐሳቡን ለተማሪዎቹ አቀረብኩላቸው። ከመካከላቸው ብዙዎቹ የኛው ልጆች ናቸው። አባቶቻችን ብረት ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ፣ አናጢ እንደነበሩ፣ «ባለ እጅ» መባልም በአገር ቤት እንደ ስድብ ይቆጠር እንደነበር ነገርኳቸው። አንዱ ልጅ፣ «ሞሬ፣ ታዲያ ይኼ እኮ ሙያ ነው፣ ምኑ ነው የሚያሰድበው?» አለኝ። መጋዝ ይዞ ነበር የጠየቀኝ። ደስ አለኝ።

እንግዲህ ወደ ሥራው ልግባ። እቤታችሁ መሥራት የምትፈልጉ ካላችሁ ወይም ለአናጢ የምታዝዙ ከሆነ ልብ ብላችሁ አንብቡት።

የመጀመሪያው ጥያቄ መቀመጫው የት ይገጠም የሚለው ነው። የወንበሩ ክንድ ላይ መግጠም ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ክንዱ የተሠራው የእጅ ክብደት እንዲችል ብቻ ነው። የሕፃን ክብደት ሲንጠለጠልበት መጋጠሚያው ይላላል። ስለዚህ የገጠምነው ከመቀመጫው ሥር፣ እግሮቹን ከሚያያይዘው ወፍራም አግዳሚ እንጨት ጋር ነው። በማጣበቂያ ወይም በገመድ ሳይሆን ወዲያ ወዲህ በሚያልፍ ብሎን። መወዛወዝ ተራውን ዳዶ ቀስ በቀስ ይፈታዋል፤ ስለዚህ በውስጡ የፕላስቲክ ቀለበት ያለውን፣ በራሱ የማይላላውን ዳዶ ተጠቀምን።

ሁለተኛው የሚዛን ጉዳይ ነው። ተወዛዋዥ ወንበር ከሥሩ ሁለት ጎባጣ እንጨቶች አሉት። ልጅ ከጎን ሲጨመርበት ክብደቱ ከሁለቱ ውጭ ይውላል፤ በተለይ አያት ተነስታ ልጅ ብቻዋን ከቀረች ወንበሩ ወደ ጎን ሊወድቅ ይችላል። መፍትሔው ከልጁ መቀመጫ ውጭኛ ጠርዝ ሥር ሦስተኛ ጎባጣ እንጨት መጨመር ነው። የሦስተኛው ጉብጠት ግን ከሁለቱ ጋር ፍጹም እኩል መሆን አለበት፤ አለዚያ አንዱ ወለሉን ሲረግጥ ሌላው ይነሳና ወንበሩ ይንገጫገጫል። እኛ የወንበሩን ጉብጠት በካርቶን ላይ በእርሳስ ነድፈን፣ ያንኑ በ18 ሚሊ ሜትር ኮምፐንሳቶ፣ እዚህ ሌቪድ በሚባለው ላይ ገልብጠን፣ ሁለት ደርበን በኮላ አጣብቀን ቆረጥነው።

ስለ ጉብጠቱ አንድ ነገር ልጨምር። ጎባጣው እንጨት የአንድ ትልቅ ክብ ቁራጭ ነው። የተቀማጩ ክብደት መሃል ከዚያ ክብ መሃል በታች ከሆነ ወንበሩ ሲገፋ ተመልሶ ይመጣል፤ በላይ ከሆነ ይገለበጣል። የእናቴ ወንበር ክብ መሃሉ ከወለሉ 1 ሜትር ያህል ይርቃል። ስለዚህ ልጅቱን ዝቅ አድርገን፣ ሆዷ ከወለሉ 55 ሳንቲ ሜትር አካባቢ እንዲውል አስቀመጥናት። ልጅን ከፍ ማድረግ ለዓይን ያምራል፤ ለሚዛን ግን ዝቅታው ይሻላል።

ሦስተኛው የልጅቱ ፊት ነው። መቀመጫውን ያዞርነው ፊቷ ወደ አያቷ እንዲሆን ነው። በአንቀልባ ውስጥ ልጅ የእናቱን ድምፅ እንጂ አፏን አያይም። እዚህ ግን ሁለቱንም ታገኛለች። ማሰሪያው በትከሻና በወገብ ብቻ ሳይሆን በእግሮቿ መካከልም ያልፋል፤ ያ ከሌለ ልጅ ወደ ታች ትንሸራተታለች። በጎን ካሉት እንጨቶች መካከል ያለው ክፍተት ከ6 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም፤ በአሜሪካ ለሕፃናት አልጋ ፍርግርግ የተደነገገው ልክም ይኸው ነው፤ የልጅ አካል እንዳያልፍና ጭንቅላት እንዳይያዝ ነው።

አራተኛው ማቆሚያው ነው። ይኼ የተማሪዎቹ ሐሳብ ነበር። ጉልበቷን የታመመች ሴት ከሚወዛወዝ ወንበር ስትነሳ ልትወድቅ ትችላለች፤ ጎንበስ ብላ ሽብልቅ አስገቢ ማለትም አይሆንም። ስለዚህ በክንዱ አጠገብ አንድ ዘንግ አደረጉ፤ እናቴ ወደ ታች ስትገፋው ሁለት አጫጭር የእንጨት እግሮች ወለሉን ይረግጣሉ፤ ወንበሩም ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ሰው ሳይቀመጥበት በአሸዋ ፈተንነው። አንድ ዓመት የሞላው ልጅ በአማካይ 9 ኪሎ ያህል፣ ሦስት ዓመት የሞላው 14 ኪሎ ያህል ይመዝናል። እኛ ለ15 ኪሎ ስለሠራነው ሦስት እጥፉን፣ 45 ኪሎ አሸዋ ጭነንበት ተማሪዎቹ በየተራ 2000 ጊዜ አወዛወዙት። ከዚያ እያንዳንዱን ብሎን አየነው። በመጨረሻም የአያትን ቦታ ባዶ አድርገን ከልጅ በኩል ብቻ ጭነን ገፋነው፤ ቆሞ ቀረ።

ልጅቱን ያስቀመጥናት በ11 ወሯ ነው። ልጆች ያለ ድጋፍ መቀመጥ የሚጀምሩበት ጊዜ ይለያያል፤ አንዳንዱ በ4 ወር፣ አንዳንዱ በ9 ወር። በራሱ አጽንቶ ያልተቀመጠ ልጅ እዚህ ላይ አይቀመጥም።

አሁን የምነግራችሁን ከሁሉ በላይ ያዙልኝ። ይኼ መቀመጫ መኝታ አይደለም። ሕፃን ተቀምጦ ሲተኛ አንገቱ ወደ ደረቱ ይታጠፍና የአየር መንገዱ ሊዘጋ ይችላል። ለዚህ ነው በአሜሪካ በ2022 በወጣ ሕግ ከ10 ዲግሪ በላይ ያዘነበለ የሕፃን መኝታ መሥራትና መሸጥ የተከለከለው። ልጅ ዓይኑ ሲከደን አንስታችሁ ጠፍጣፋና ጠንከር ያለ ፍራሽ ላይ በጀርባው አስተኙት፤ ትራስም አታድርጉለት። የቲፓት ሐላቭ ነርሶችም የሚነግሯችሁ ይህንኑ ነው። እናቴ ማንሳት ስለማትችል ልጅቱ ስታንቀላፋ እኛን ትጠራለች። ሰው በሌለበት ሰዓት ልጅቱ እዚያ አትቀመጥም። ሌላ ልጅ ወለል ላይ የሚድህ ከሆነም ወንበሩ አይወዛወዝም፤ ጣት ከጎባጣው እንጨት ሥር ከገባ ይጨፈለቃል። ከሱቅ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ታቭ ቴከን ያለበትን ፈልጉ።

እናንተ የምትጠይቁኝን አውቃለሁ፤ ይኼ ሁሉ ድካም ለምን? ማሽኑ ነበር አይደል?

መልሴ ይኼ ነው። ወንበሩ ከተገጠመ ወዲህ እናቴ ጠዋት ከቡና በኋላ የልጅቱን ጣቶች አንድ በአንድ እየቆጠረች ታወራታለች። የሰፈሯን ወንዝ፣ የአህያዋን ስም፣ በሱዳን በኩል የመጡበትን መንገድ ትነግራታለች። ልጅቱ ምኑን ትሰማዋለች ትሉ ይሆናል። እኔ ልጅ ሳለሁ ከአባቴ ኦሪት በግዕዝ ስማር ትርጉሙ አይገባኝም ነበር። እየተወዛወዝን ቃሉን እንደግማለን፤ ዜማው መጀመሪያ ገባ፣ ትርጉሙ ኋላ መጣ። ልጅቱም እንደዚያው ናት። ዛሬ ማዖን ገብታለች፤ እዚያ ሲጠማት «ማይም» ትላለች። ከአያቷ አጠገብ ስትቀመጥ ግን «ውሃ» ነው የምትለው። ሁለቱንም ማን የት እንደሚሰማት ታውቃለች።

ማሽን አትግዙ አልልም። እናትና አባት ሲደክማቸው ይረዳል። ተወዛዋዥ ወንበርም አዝሎ መራመድን አይተካም። ነገር ግን በቤታችሁ ጉልበቷ የደከመ አያት፣ ወገቡ የጎበጠ አያት ካለ፣ ልጁን የሚያረጋጋ ዕቃ ከመፈለጋችሁ በፊት ልጁ አያቱ አጠገብ ያለ አደጋ የሚቀመጥበትን መንገድ ፈልጉ። ተሸክመው ያሳደጉን ሰዎች መሸከም ቢያቅታቸውም አፋቸውና ጆሯቸው አልደከመም። ልጁ የሚያስፈልገው አብዛኛው ነገር እዚያ አለ።

እግዚአብሔር ልጆቻችሁንና የልጅ ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ። ለታላላቆቻችሁም ዕድሜና ጤና ይስጥልን።