አየር የያዘው ፓምፕ

ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ ደወለልኝ። «ቲቸር፣ ኮምፒውተሬ ጉድ ልትሠራኝ ነው» አለኝ። ልጁ እዚሁ ወረታ የሠርግ ቪዲዮ ያቀናብራል። በውሃ የምትቀዘቅዘዋን ትንሽ ኮምፒውተር የገዛት ሁለት ዓመት ባጠራቀመው ብር ነው። የሚያዝያ ሠርግ ተደራርቦበታል፣ እሷ ግን ሥራ ሲበዛባት 100 ዲግሪ ትደርስና ድርግም! ቀብድ ተቀብሏል፣ ሙሽሮቹ ይደውላሉ።

የፊዚክስ መምህር ነኝና ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ። ቤቱ ቆርቆሮ ነው፣ ሙቀቱ አይጣል ነው። «ወረታ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ አየሯ ባሕር ጠረፍ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ስለዚህ ያው ፋን እዚህ የሚያወጣው ሙቀት ያነሰ ነው» ብዬ አስረዳሁ። ስሌቱ ልክ ነው። ሌላ ፋን አስገዛሁት። ለውጥ የለም፣ ብሩ ግን ሄደ።

አባቱ በርብ ወንዝ መስኖ ሽንኩርት የሚያለሙ ገበሬ ናቸው። በር ላይ ተቀምጠው ሲያዳምጡን ቆዩና «መምህር፣ ይኸ ቡልቅ ቡልቅ የሚለው ፓምፑ አየር ይዞ እንዳይሆን?» አሉኝ። ጆሮዬን አስጠጋሁ። እውነትም ቡልቅ ቡልቅ ይላል!

ራዲያተሩ ከታች፣ ፓምፑ ከላይ ነበር የተገጠመው። ቱቦው ዝግ ቢሆንም ውስጡ ጥቂት አየር አይጠፋም፤ አየር ደግሞ ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው። ከሁሉ ከፍ ያለው ፓምፑ ከሆነ እዚያው ይጠራቀማል፣ ውሃው በደንብ አይዞርም። ራዲያተሩን ወደ ላይ አዛወርነው፤ አየሩ እሱ ጫፍ ላይ ቀረ፣ ፓምፑ ውሃ ብቻ አገኘ። የላዮቹ ፋኖች ትኩሱን እንዲያስወጡ፣ የታችኛው ቀዝቃዛውን እንዲስብ አደረግን። ምንጣፍ ላይ ስለተቀመጠች ከሥር ትንፋሽ አልነበራትም፤ ሁለት ጣውላ ላይ አስቀመጥናት፣ ለአቧራው ስስ ወንፊት። ያን ሌሊት እስኪነጋ ሠራች፤ ከ75 ዲግሪ አላለፈችም።

እኔ የውጭውን አየር ሳሰላ እሳቸው የውስጡን ሰሙት። የፋኑን ብር ልጁ እምቢ እያለ መለስኩለት።

አንድ ዕዳ ግን ቀርቶብኛል። ያንን ልጅ ክፍል ውስጥ «ካልተማርክ ገበሬ ሆነህ ትቀራለህ» ብዬው አውቃለሁ። እሱን ብቻም አይደለም፣ ብዙዎቻችሁን። ይህን የምታነቡ ተማሪዎቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። አባቶቻችሁንም ይቅርታ ጠይቁልኝ።