የኩሽኔታው ጥፋት አልነበረም

በዚህ መጽሔት ላይ ጓደኞቼ በየዓመቱ ስለ ትምህርት ጥቅም ሲጽፉ አነባለሁ። እኔ ግን ዘንድሮ ብዕሬን ያነሣሁት ስለ አራት ኩሽኔታዎችና ስለ አንድ ውሸት ነው።

አንበሳሜ ያደገ ልጅ የእንጨት መኪናን ያውቃል። ጣውላ፣ ለመሪ የሚሆን ገመድ፣ የፊቱን አግዳሚ እንጨት የሚይዝ ቡሎንና አራት ኩሽኔታ ከተገኘ ቁልቁለት የሚወርድ የእሽቅድምድም መኪና ይሠራል። ጣውላውን ማንም ያገኛል፤ የሚያስቸግረው ጎማው ነው።

ባለፈው ዓመት በጥር ወር ታናሽ ወንድሜ ወረታ ከሚኖረው አጎታችን ዘንድ ሰንብቶ ሲመለስ አራት አሮጌ ኩሽኔታዎች በፌስታል ቋጥሮ አመጣ። ከሩዝ መፈልፈያ ላይ ተለውጠው የተጣሉ ነበሩ። (ሩዝ በ1970ዎቹ በእኛው ደራ ጅግና ላይ፣ በፎገራም ሻጋ ላይ ሲጀመር፣ አንድ ቀን ለልጆች መኪና ጎማ ያስገኛል ብሎ ያሰበ ያለ አይመስለኝም።)

ኩሽኔታ የሚለው ቃል ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ትንሽ ትራስ ማለት ነው። ሁለት የብረት ቀለበቶች አሉት፤ በመካከላቸው ብይ የሚመስሉ የብረት ኳሶች ይንከባለላሉ፤ ስለዚህ የውስጡ ቀለበት እንጨቱን ይዞ ሲቆም የውጪው ይዞራል። የእኛዎቹ ጎናቸው ላይ 6203 የሚል ቁጥር ነበረባቸው፤ ይኸውም ቀዳዳው 17፣ የውጪው ስፋት 40 ሚሊ ሜትር ማለት ነው።

የገለባ ብናኝ ከአሮጌው ግራሶ ጋር ተቦክቶ ደርቆባቸው ስለ ነበር አልዞር አሉ። ነጭ ጋዝ ውስጥ አሳደርናቸውና በማግሥቱ በዶሮ ላባ እየጠረግን አጠብናቸው። ከዚያም አንድ በአንድ ጣታችን ላይ እያዞርን አዳመጥን። ሦስቱ «ሲርር» አሉ፤ አራተኛው ትንሽ አንኮራኮረ። ግራሶ ወፍራም ስለ ሆነ ቀላል መኪናን ያዘገያል፤ ስለዚህ ሁለት ሁለት ጠብታ የሞተር ዘይት ብቻ አደረግንባቸው። ወንድሜ ሌሊት ራስጌው አስቀምጧቸው ተኛ።

አግዳሚውን መጥረብ የእኔ ድርሻ ነበር። ውድድሩ ቅዳሜ ስለ ሆነ ቸኮልሁና ረቡዕ ዕለት ከተቆረጠ እርጥብ ባሕር ዛፍ ሠራሁት። ጫፉን በጠርሙስ ስባሪ ፍቄ ኩሽኔታውን በድንጋይ እየመታሁ ሳስገባው ጥብቅ አለ። ጫፉን ሰንጥቆ ሽብልቅ መምታት እንደሚገባ አውቃለሁ፤ ሰነፍሁ። ሦስት ቀን ሙሉ መኪናው የጥር ፀሐይ ላይ ቆመ።

ቅዳሜ ወንድሜ እየመራ ነበር። መታጠፊያው ላይ የፊቱ ቀኝ ጎማ ወልቆ ብቻውን ቁልቁል ሮጠ፤ መኪናው ተገለበጠ። ክርኑና ጉልበቱ ተላጠ፤ ለጥምቀት የተገዛለት ሱሪም ተቀደደ። ሰው ሁሉ ሲያየኝ ጊዜ፣ «ያ ያመጣኸው የሚያንኮራኩረው ኩሽኔታ ነው ጉድ ያደረገን!» አልሁት። እርሱም፣ «ወንድም ዓለም፣ ሌላ መርጬ ማምጣት ነበረብኝ» ብሎ አለቀሰ። ማታ ስለ ሱሪው እናታችን ተቆጣችው፤ እኔ ዝም አልሁ።

እሑድ ጧት ያን ጎማ አንሥቼ ባዞረው፣ የሚያንኮራኩረው እርሱ አልነበረም፤ «ሲርር» ይላል። ወደ እንጨቱ ብመልሰው ወለቅ ወለቅ አለ፤ በመካከላቸው ጥፍሬ ገባ። ብረቱ ምንም አልሆነም፤ እርጥቡ እንጨት ደርቆ ሟሽሾ ነበር።

አንድ ዓመት ሙሉ አልነገርሁትም። አሁን ከመስከረም ጀምሮ አንድ የወይራ እንጨት ምድጃው በላይ ጭስ ላይ ሰቅያለሁ። ለምን እንደ ሆነ ወንድሜ አልጠየቀኝም። ይህን መጽሔት ለእናታችን የሚያነብላት እርሱ ነው።