ምሥጢርና ድርቆሽ

በወታደር ሰፈር ምሥጢር የሚገኘው በሁለት ስፍራ ነው፤ አንደኛው የጽሕፈት ቤቱ የብረት ሣጥን፣ ሁለተኛው የሚስቶቻችን ሰፌድ። ሣጥኑ በቁልፍ ይዘጋል፤ ሰፌዱ ግን ደጅ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ክፍል ከሰፈሩ እንዲንቀሳቀስ ሲታዘዝ፣ ትእዛዙ «ጥብቅ ምሥጢር» የሚል ማኅተም ተመትቶበት በፊርማ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ባልም ደንቡን አክብሮ ለሚስቱ አንዳች ሳይተነፍስ ራቱን በልቶ፣ ስለ ዝናቡና ስለ ጤፍ ዋጋ አውግቶ ይተኛል። በማግስቱ ሚስቲቱ እንጀራ ቆራርሳ ሰፌድ ላይ ታሰጣለች፤ ለበሶ የሚሆን ገብስ ትቆላለች። ጎረቤቷ በአጥር ብቅ ብላ «ስንቅ ነው እንዴ እትዬ?» ስትላት፣ «ኧረ ምንም አይደል፤ እንጀራ ተርፎ ነው» ትላለች። ቀኑ ሳይመሽ የሁሉም ቤት እንጀራ ይተርፋል! በሳምንቱ ባለ ወፍጮው፣ ባለ ሱቁና ልብስ ሰፊው ሁሉ ያውቃሉ። ምሥጢሩ መውጣቱን የማያውቀው ምሥጢሩን የጠበቀው ባል ብቻ ነው።

ሚስቲቱ ከየት አወቀች ትሉ ይሆናል። ከባሏ ጠባይ ነው። ሌላ ጊዜ «ሽሮው ጨው በዝቶበታል» እያለ የሚያጉረመርም ሰው፣ ያን ምሽት ወጡን አመስግኖ ከበላ፣ ልጆቹንም አንድ በአንድ ስሞ ከተኛ፣ ከዚህ የበለጠ ምን መግለጫ ያስፈልጋታል?

ይህን ስል በወታደር ምሥጢር ላይ መቀለዴ አይደለም። በጽሕፈት ቤት ሥራ ብዙ ዓመት ስላሳለፍሁ፣ ያለ ቦታዋ የወጣች አንዲት ቃል የስንት ሰው ሕይወት እንደምታስከፍል አውቃለሁ። በ1888 ዓ.ም. ባሻ አውአሎም ሐረጎት የጣልያኖችን አመኔታ አግኝቶ፣ የዐፄ ምኒልክ ጦር ተበታትኗል የሚል ወሬ ሲያደርስላቸው እውነቱን በሆዱ ይዞ ነበር። የካቲት 23 ቀን ዐድዋ ላይ የሆነውን ሁላችን እናውቃለን። ነገር ግን ልብ እንበል፤ ያ ምሥጢር የተደበቀው ከጠላት ነው፤ ዕድሜውም እስከ ድሉ ድረስ ብቻ ነበር። ድሉ ከተገኘ በኋላ የአገር ጨዋታ ሆነ።

የአገራችን ልማድም ቢሆን ምሥጢር መጠበቅን አሳምሮ ያውቃል። መርዶን እንውሰድ። የእናቴ ወንድም ሩቅ አገር ባረፈ ጊዜ፣ ወሬው ወደ ሰፈራችን የደረሰው ገና ሳይመሽ ነው። ሽማግሌዎቹ ተነጋግረው ዝም አሉ። እናቴ ራት ሠራች፣ በላች፣ ተኛች። እኔ ልጅ ነበርሁና ሌሊት ለሽንት ስወጣ፣ ጎረቤቶቻችን ጋቢያቸውን ተከናንበው በአጥሩ ጥግ በጨለማ ተቀምጠው አየሁ። ከመካከላቸው አንዱ ጣቱን ወደ ከንፈሩ አደረገ። ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ፤ ታላቅየው ገብተው ተናገሩ፤ ሴቶቹም እናቴን ደግፈው ያዟት። ከዓመታት በኋላ እናቴ ያን ሌሊት ስታነሣ «ያስተኙኝን ሰዎች እግዚአብሔር ይስጣቸው» ትል ነበር። አንድም ቀን «ዋሹኝ» ስትል አልሰማኋትም። መደበቁ ለእርሷ ተብሎ ነበርና፤ ደግሞም ሲነጋ ተነግሯታል።

መንግሥቶቻችን ከዚህ ልማድ የመጀመሪያውን እኩሌታ ወስደው ሁለተኛውን የተዉት ይመስለኛል። ማምሸቱን ተማሩ፤ ማንጋቱን ረሱ። ዐፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ አዋጅ አልተነገረም፤ ድንኳንም አልተተከለም፤ አስከሬናቸው በቤተ መንግሥቱ ግቢ በሥዕል ቤት ኪዳነ ምሕረት በጸጥታ ተቀበረ። በዚያ ዘመን ሰው «ምኒልክ ይሙት!» እያለ ይምል ስለ ነበር፣ ስንቱ ባለጉዳይ በሞቱ ንጉሥ ሞት እየማለ ተከራክሮ ይሆን ብሎ ማሰብ ፈገግ ያሰኛል። ፈገግታው ግን አይቆይም፤ «እምዬ» ብሎ የጠራቸው ሕዝብ በጊዜው ሳያለቅሳቸው ቀርቷልና።

ከሞት ምሥጢር የከፋው የረኃብ ምሥጢር ነው። በ1965 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ ነገሩ ተዳፈነ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ። የእኛ ሕዝብ ያን ሥዕል በቴሌቪዥኑ ያየው ግን መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀራቸው ነው። በፊልሙ የተጠቀመው መንግሥት ደግሞ በተራው፣ በመስከረም 1977 ዓ.ም. ዐሥረኛ ዓመቱን በድግስ ሲያከብር፣ በወሎና በትግራይ ሰው በረኃብ እየረገፈ መሆኑን አድበስብሶ አለፈ። ዓለም የኮረምን መከራ በቴሌቪዥን ያየው በዓሉ ካለፈ በኋላ፣ ጥቅምት 13 ቀን ነው። ለመሆኑ የተደበቀው ከማን ነበር? የተራበ ሰው መራቡን ለማወቅ መግለጫ አይጠብቅም። የተደበቀው እህል ከነበረው ወገኑ ነው።

በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 ሰው ሁሉ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ደነገገ። አዋጁ መልካም ነው። በመስኮቱ በኩል የሚሰጠው መልስ ግን ብዙ ጊዜ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚል ነው። ስብሰባው ስለ ምን እንደ ሆነ መጠየቅም አይቻልም፤ እርሱም ምሥጢር ነው።

በአንድ ወቅት በኖርሁበት ሰፈር፣ ባሏ ዘምቶ ወሬው የጠፋባት አንዲት ሴት ነበረች። በየወሩ ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት ትሄዳለች፤ «ሲታወቅ ይነገርሻል» ትባላለች። ዓመታት አለፉ። ጥቁር እንዳትለብስ ሟርት መሰላት፤ ነጭ እንዳትለብስ ኅሊናዋ እንቢ አላት። ስለዚህ ሁልጊዜ አንዲት ግራጫ ቀሚስ ታደርግ ነበር። ለዕድሩ እየከፈለች፣ በሰው ድንኳን እያለቀሰች፣ የራሷን ልቅሶ ግን ሳትቀመጥ ኖረች። በሯን በንጋት የሚያንኳኳ ሽማግሌ አልመጣላትም። ከእርሷ የተደበቀው ወሬ የትኛውን ጠላት እንዳሳሳተ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

እንግዲህ እኅቶቼ፣ ባሎቻችሁ የሚሄዱበትን ስፍራ ባይነግሯችሁ አትቀየሙ፤ ያ ምሥጢር የእነርሱ ብቻ ሳይሆን አጠገባቸው የሚቆመውም ጓደኛቸው ነው። ምሥጢር ጠባቂ ወንድሞቼም፣ ማኅተሙን ስትመቱ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ይህ ነገር የሚደበቀው ከማን ነው? የሚነገረውስ መቼ ነው? ለሁለቱም መልስ ካለው በደንብ ቆልፉት። መልስ ከሌለው ግን፣ በአንድ ቤት ውስጥ አንዲት ሴት ንጋትን እየጠበቀች መሆኗን አስቡ።